ስንዴዬ ቢጫ ሆነብኝ፣ ዩሪያ ልጨምር?

የጁሩ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እነዋሪ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ሐምሌ መጀመሪያ ስንዴ ዘርቼ ነበር በደንብ በቀለ ግን ዝናቡ አልፋታ ብሎ አሁን ከታች ያለው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው። ዩሪያ አንሶት ነው ወይስ ዋግ የሚባለው በሽታ ይዞት? ለዓመት ቀለብ የያዝኩት ማሳ ስለሆነ ጨንቆኛል።

አረም ነቃይ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቅጠሉን በጣትህ እሸው። ቢጫ ዋግ ከሆነ በመስመር የተሰደረ ዱቄት አለው ጣትህን ያቀልመዋል፣ እንደዛ ከሆነ ሳትውል ሳታድር እንደ ቲልት ያለ ፀረ ዋግ ይረጫል። ዱቄት ከሌለውና ከታች ከጀመረ ግን ውሃ ተኝቶበታል፣ ሥሩ አየር አጥቷል ማለት ነው።

ባለ መረሬ፦ ትክክል። ውሃ በተኛበት ላይ ዩሪያ እንዳትበትን በናትህ፣ ግማሹ ጋዝ ሆኖ ይበናል ግማሹ ይታጠባል፣ ብርህ ነው የሚሄደው። ቦዩን ቁልቁል ክፈትለት፣ ሲጠነፍፍ አርመህ አፈሩ እርጥበት እያለው ዩሪያውን ስጠው፣ ማቆጥቆጫው ማለትም ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣበት ጊዜ ሳያልፍ። ለከርሞ ደግሞ ማሳውን በቢቢኤም፣ ሰፊ መደብና ቦይ በሚያወጣው መሣሪያ አውጣው፣ 80 ሳንቲ መደብ 40 ሳንቲ ቦይ፣ በሬው ራሱ ይጎትተዋል። እኔ መደብ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ቢጫ ሆኖብኝ አያውቅም።

የጁሩ ልጅ፦ አሸሁት፣ ዱቄት የለውም፣ እግሬም ጭቃው ውስጥ ገባ። ነገ በጠዋት ከወንድሜ ጋር ቦይ እንከፍታለን፣ እግዜር ይስጥልኝ።