ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ ነገ ፓሪስ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ፈተና አለኝ፦ ምን ይሻላል?

የመጨረሻ ሴሚስተር (ጠያቂ)፣ ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጀርመን ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የመኖሪያ ካርዴ ሊያልቅ ነው። ማራዘሚያውን ከአምስት ሳምንት በፊት በኦንላይን አስገብቻለሁ፤ እስካሁን የመጣልኝ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል ብቻ ነው። ተርሚን (ቀጠሮ) የለም፣ ስልክ አይነሳም። ነገ ጠዋት ወደ ፓሪስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ጓደኞቼ ከስቶክሆልምና ከሚላን እየመጡ ነው፤ ቤቱ ተከፍሎበታል፣ ገንዘቡ አይመለስም። የምመለሰው እሁድ 4፡30 በፍሊክስ ባስ ነው። ሰኞ ፈተና አለኝ፤ ማክሰኞ ለአማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለተኛ ምዕራፍ መላክ አለብኝ። ኢሜይሉን አትሜ ብይዝ ያሳልፉኛል? ወይስ ሁሉንም ልተወው?

ቡና በወተት

ካርዱ የሚያልቀው ስንት ቀን ነው? የምትኖረውስ የት ከተማ? «ሊያልቅ ነው» ማለት ነገም ሊሆን ይችላል፣ መስከረምም።

ታላቅ ወንድም

ወንድሜ፣ ችግርህ ካርዱ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። ጀርመን አንዱን ክሬዲት እስከ 30 ሰዓት ሥራ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ስለዚህ 900 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለስድስቱም ወር፣ ማለትም ለ26 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 35 ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱ ይቻላል። ተማሪው ግን ሴሚስተር የሚለው ሌክቸር ያለበትን 14 ወይም 15 ሳምንት ብቻ ነው። በዚያ ሲካፈል 60 ሰዓት ይመጣል፤ እሱን ደግሞ ማንም አይችለውም፤ ወደ መጨረሻው ተጠራቅሞ ፈተና ሰሞን ላይ ይፈነዳል። በዚህ ላይ በሳምንት 20 ሰዓት የምትሠራ ከሆነ ራስህ ደምረው። ለዙረት ጊዜ አለው። ለክረምቱ ሴሚስተር መጋቢት አለ፤ ለበጋው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ክፍት ነው። በመሀል ቢያምርህ ከፋሲካ 39 ቀን በኋላ የዕርገት ሐሙስ ይዘጋል፤ ዓርቡን ብትጨምርበት አራት ቀን አገኘህ። ፈተና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ፓሪስ መሄድ ግን...

ሽሮ ፈሰስ

ፓሪስ የትም አትሄድም ሊል ነው። ታላቅ ወንድም፣ ልጁ ትራንስክሪፕት አልጠየቀህም እኮ 😄

የመጨረሻ ሴሚስተር (ጠያቂ)

እህት ነኝ 🙂 ካርዱ ላይ የተጻፈው 02.08. ነው፣ የፊታችን እሁድ ማለት ነው። የምኖረው ካርልስሩህ ነው። ለፈተናው አጥንቻለሁ፤ የቀረኝ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሥራት ነው።

ደረጄ ዘ ራይን

እንዲህ ከሆነማ ምንም ችግር የለም። ካርዱ እሁድንም ጨምሮ ይሠራል። እሁድ 4፡30 ከተነሳሽ አውቶቡሱ ቢጓተት እንኳ ከእኩለ ሌሊት በፊት ድንበሩን ታልፊያለሽ። ፓስፖርትና ካርድ ያዢ፣ ተዝናኚ።

ቡና በወተት

ቆይ ቆይ። 4፡30 በሀበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ?

የመጨረሻ ሴሚስተር (ጠያቂ)

በሀበሻ። የምሽት 4 ሰዓት ተኩል፣ ቲኬቱ ላይ 22፡30 ይላል። ካርልስሩህ ጠዋት ይገባል። ፈተናው 3 ሰዓት ነው፣ እሱም በእኛ።

ደረጄ ዘ ራይን

ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ቡና በወተት

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ እስኪነጋ ድረስ እሁድ ሌሊት ነው፤ ለፖሊሱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስሽ ገና ፈረንሳይ ውስጥ ነው፣ ሻምፓኝ አካባቢ። እና ሁለት ነገር ለይተሽ እዪ።

ጀርመን ውስጥ ካርዱ ከማለቁ በፊት ስላመለከትሽ ፈቃድሽ በሕግ ይቀጥላል፤ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 የሚለው ይህንኑ ነው። የመሥራት መብትሽም አይቋረጥም። ሰኞ ጠዋት ካርልስሩህ አልጋሽ ላይ ብትነቂ ሕገወጥ አይደለሽም።

ፈረንሳይ ውስጥ ግን የመቆየት መብትሽ የተንጠለጠለው ጊዜው ባላለፈ የጀርመን ካርድና በፓስፖርትሽ ላይ ነው። በየ180 ቀኑ 90 ቀን በሌሎቹ የሼንገን አገሮች መዞር የሚባለው ለዚህ ነው። ካርዱ ሲሞት ያ መብት አብሮት ይሞታል፤ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል አይተካውም። ጀርመን ደግሞ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር አስገብታለች፤ የሌሊት አውቶቡስ አስቁሞ ወረቀት መጠየቅ የተለመደ ነው። ምናልባት አይተውሽ ያሳልፉሽ ይሆናል፤ ምናልባት ሁለት ሰዓት አቁመው ያጣሩ ይሆናል። ከፈተና በፊት ያንን ዕጣ አታውጪ።

ስለዚህ መሄዱን ሂጂ። የምትቀይሪው መመለሻውን ብቻ ነው።

ብርሃኔ በርሊን

ፊክሲዮን ጠይቂ፣ ካርዱ እስኪታደስ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ወረቀት። ፊክሲዮን ካለሽ በየትም መሄድ ይቻላል።

ቡና በወተት

በየትም አይደለም፣ ከሁሉም ፊክሲዮን ጋርም አይደለም። ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባለው ታጣፊ ወረቀት 3ኛ ገጹ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉት። ወጥቶ ለመመለስ የሚያገለግለው 3ኛው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ነው፤ እሱም ካለፈው ካርድና ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ሲያዝ። 1ኛው ወይም 2ኛው ሳጥን ከሆነ ያለ ቪዛ ተመልሶ መግባት አይቻልም። ክፍያው 13 ዩሮ ነው። እሷ ግን ሐሙስ ማታ ላይ ናት፤ ነገ ዓርብ ነው፤ ብዙ ቢሮ ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ነው፣ ጭራሽ የማይከፍትም አለ።

ብርሃኔ በርሊን

እኮ ጠዋት በ2 ሰዓት ኢሜይል ትላክና ትጠይቅ። ፊክሲዮን ነው መፍትሔው።

ጸደይ

ኢሜይሉ ይላክ፤ ነገር ግን ለዚህ ቅዳሜና እሁድ ተስፋ አይደረግበት። ለሽርሽር ሲሆን «ድንገተኛ» አይሉትም። ኢሜይሉ የሚጠቅመው ለነሐሴና ለመስከረም ነው። ርእሱ ላይ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የማመልከቻ ቁጥር እና «ካርዱ 02.08. ያልቃል» ብለሽ ጻፊ። ከውስጥ ሁለት መስመር ይበቃል፤ ፊክሲዮኑን በአንቀጽ 81 ንዑስ 4 እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ለአሠሪ የሚያስፈልግሽ ከሆነም ጥቀሺ። የኦንላይኑን ማረጋገጫ በፒዲኤፍ አያይዢ። ማመልከቻው ላይ የጎደለ ወረቀት ካለ ደግሞ አብረሽ ላኪ፦ የአዲሱ ሴሚስተር የምዝገባ ማስረጃ፣ የክራንከንካሴ (የጤና ኢንሹራንስ) ማረጋገጫ፣ በወር 992 ዩሮ መኖሩን የሚያሳይ ነገር። ፎቶው ከግንቦት 2025 ወዲህ ዲጂታል ብቻ ነው፤ የታተመ ፎቶ በፖስታ የላከ ሰው ፋይሉ እዚያው ይቀመጣል።

ለአዲስ ዓመት አገር ቤት ለመግባት ካሰብሽም 3ኛውን ሳጥን ሳታዪ ቲኬት አትቁረጪ። ቦሌ ላይ አየር መንገዱ የሚያየው እሱን ነው።

ባቡር ወዳጅ

መመለሻው ላይ ልግባ። ከፓሪስ ኤስት ጣቢያ ካርልስሩህ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በቀጥታ ያደርስሻል። ችግሩ ዋጋው ነው። በሦስት ቀን ቀደም ብሎ ሲቆረጥ ይወደዳል፤ በዚያ ላይ የነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ፈረንሳይ በሙሉ ለእረፍት ወጪና ገቢ የሚሆንበት።

ርካሹ መንገድ ይኸውልሽ። ከፓሪስ ኤስት እስከ ስትራስቡርግ በፈጣኑ ባቡር በቴዥቬ ወይም በርካሹ በዊጎ፤ ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ስትራስቡርግ ላይ ትራም ዲ ያዢ፤ የራይንን ወንዝ ተሻግሮ ጀርመን፣ ኬል ያስገባሻል። የትራም ቲኬቱን እዚያው ቁረጪ፤ የሴሚስተር ቲኬትሽ እዚህ ላይ አያገለግልም ብለሽ ያዢው። ከኬል ጀምሮ ግን በክልል ባቡር በኦፈንቡርግ በኩል ካርልስሩህ ትገቢያለሽ፤ የሴሚስተር ቲኬትሽ በመላ ጀርመን የሚሠራው ከሆነ ተጨማሪ ሳንቲም የለም።

ከፓሪስ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ (14፡00) የሚነሳ ያዢ። ከዚያ በኋላ አንድ ባቡር ቢያመልጥሽ ሌላ አለ፤ እሱም ቢዘገይ ማታ ቤትሽ ነሽ። የማታውን የመጨረሻ ባቡር ከያዝሽ ግን አንድ መዘግየት በቂ ነው። ዛሬ ማታውኑ ቁረጪ፤ ቴዥቬ ያለ ቦታ ቁጥር አያሳፍርም፣ ሲሞላ ሞላ ነው። ቆሜ እሄዳለሁ ማለት የለም።

የፍሊክስ ባሱን መመለሻ በመተግበሪያው ሰርዢው። ጥቂት ቆርጠው ቀሪውን በቫውቸር ይመልሳሉ።

ሽሮ ፈሰስ

ወይም ጓደኞቿ ካርልስሩህ ይምጡ። ኤፍል ታወር የለም እንጂ ዝናቡ አንድ ነው።

ሰላምታ ከስትራስቡርግ

ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ለምን ፓሪስ? ከካርልስሩህ ስትራስቡርግ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ጓደኞችሽ ቅዳሜን አብረውሽ ስትራስቡርግ ቢውሉ ማታ አልጋሽ ላይ ነሽ፣ እሁድ ሙሉ ቀን ጥያቄ ትሠሪያለሽ።

የመጨረሻ ሴሚስተር (ጠያቂ)

ቤቱ ፓሪስ ነው የተከፈለው፤ አራት ሰው ማዛወር አልችልም። እሁድ 8 ሰዓት ከተነሳሁ ግን ከእነሱ ጋር እሁድን አጣለሁ ማለት ነው 😩

ታላቅ ወንድም

እህቴ፣ ይቅርታ፣ ወንድም ስላልኩሽ። እሁድን አጣሁ አትበዪ፤ ሰኞን አገኘሽ። ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ፈተና የገባ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ነው የሚያነበው።

ጸደይ

ፈተናውን በተመለከተ አንድ ነገር አሁኑኑ እዪ፣ ሳትተኚ። ፖርታሉ ላይ ገብተሽ ከፈተናው ስም የመሰረዣው ቀን አልፎ እንደሆነ ተመልከቺ። እንደየትምህርት ክፍሉ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ሳምንት ይቀድማል፣ ሌላው ጋ እስከ ዋዜማው ክፍት ነው። ካለፈና ካልቀረብሽ 5.0 ይጻፋል፣ ወደቅሽ ማለት ነው፤ አንድ ሙከራ ተበላ ማለት ነው፤ ስንት ሙከራ እንዳለሽ የፈተና ደንቡ ላይ ተጽፏል። «አውቶቡሱ ዘገየ» ወይም «ፖሊስ አቆመኝ» የሚል ምክንያት ላይ አትመኪ፤ በተለምዶ የሚቀበሉት የሐኪም ወረቀት ነው። ቀኑ ካላለፈ ደግሞ ምርጫ አለሽ፤ እሁድ ማታ ላይ ሆነሽ ሳይሆን ዛሬ ወስኚ።

ስለ ምዕራፉ። ማክሰኞ ጠዋት «ትንሽ ጊዜ» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እሱ ነው የሚያናድዳቸው። ዛሬ ጻፊ፣ ቀን ቆርጠሽ፦ «ሰኞ ፈተና ስላለኝ ሁለተኛውን ምዕራፍ ማክሰኞ ሳይሆን ሐሙስ እስከ እኩለ ቀን (12፡00 በፈረንጅ) ልላክልዎ? አሁን ያለቀውን ንድፍና የ2.1ን ረቂቅ አያይዣለሁ።» የተያያዘ ነገር ካለ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ባዶ ኢሜይል ከሆነ ግን ዙረት ላይ እንዳለሽ ሳትነግሪያቸው ያውቃሉ።

ደረጄ ዘ ራይን

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ስልክሽ ላይ ዛሬ አውርጂ። ባቡር ላይ ኔት አለ ይላሉ፤ ዋሻ ውስጥ የለም። የክራንከንካሴ ካርድሽንም ያዢ፣ ጀርባው ሰማያዊው ፈረንሳይ ላይ ይሠራል። ስዊዘርላንድና ዴንማርክ ቢሆን ኖሮ ግን ለእኛ ፓስፖርት አይሠራም፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልግ ነበር።

ብርሃኔ በርሊን

ለማንኛውም ፊክሲዮን ጠይቂ።

ሽሮ ፈሰስ

😂😂

ቡና በወተት (ማክሰኞ)

እህታችን፣ ምን ሆነ? እሁድ ገባሽ?

ባቡር ወዳጅ (ዓርብ)

ጠፋች። ምዕራፉን እየጻፈች እንደሆነ እንውሰደው።

ሚላን 2

ሰላም፣ ይህን ሳነብ ነበር። የእኔ ካርድ የጣሊያን ነው፤ አልቆ ፖስታ ቤት የሰጡኝን ደረሰኝ ይዣለሁ። በዚሁ መንገድ ጀርመን መግባት እችላለሁ? ነገ ነው የምሄደው።

ቡና በወተት

ነገ አትበዪ። አዲስ ጥያቄ ክፈቺና ደረሰኙ የመጀመሪያ ማመልከቻ ነው ወይስ እድሳት፣ በአውሮፕላን ነሽ ወይስ በባቡር፣ ጻፊ። ሰዓቱን በፈረንጅ።