«በፀጉሩ ነው» ያልከው ሰውዬ፣ እስቲ ወዲህ በል

ሰባት ሜትር፦ የፈረንሳዩ የእጅ ኳስ ኮከብ የካራባቲች ጉዳይ ሲነሳ አንዱ «ከእሱ በፊት የነበረው ጃክሰን ሪቻርድሰን እስከ ዛሬ የሚወደደው በፀጉሩ ነው» ብሎ ወረወረና ሄደ። ለፈረንሳይ 417 ጊዜ ያሰለፈው ፀጉሩ ነው? በ1995 እ.ኤ.አ. የዓለም ምርጥ ያስባለውስ?

ኪየሌ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም። ካራባቲች ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ፣ አራት የዓለም ዋንጫ፣ አራት የአውሮፓ ዋንጫ አለው። የእናንተው ሪቻርድሰን ሁለት የዓለም ዋንጫና የባርሴሎና ኦሎምፒክ ነሐስ። ፍቅሩ ግን ያው ነው። ድሬዱ፣ ያ የተገመደ ፀጉሩ ካልሆነ በምን ታስረዱኛላችሁ?

ዘጠኝ ሜትር፦ በመከላከል። በአምስት ለአንድ የመከላከል አሰላለፍ አምስቱ ስድስት ሜትሩ መስመር ላይ ይደረደራሉ፣ ሪቻርድሰን ብቻውን ዘጠኝ ሜትሩ አካባቢ ይወጣል። ሥራው መጋጨት አይደለም፤ ከመሐል አቀናባሪው ወደ ግራ ተኳሹ የሚሄደውን ቅብብል መቁረጥ ነው። ግማሽ እርምጃ ክፍት ትቶ ያማልላል። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ዘው! ከዚያ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ።

ኪየሌ፦ ሲስትስ?

ዘጠኝ ሜትር፦ ሲስትማ ከኋላ አምስት ለስድስት ነው። ፒቮቱ፣ ማለትም ስድስት ሜትሩ መስመር ላይ የሚጫወተው አጥቂ፣ በሁለቱ መሐል ተከላካዮች መካከል ይሾልካል፤ ወይ ጎል ወይ ፍጹም ቅጣት ምት። ለዚህ ነው ቦታው እግር የሚፈልገው። ግዙፉን ሰው እዚያ አቁመው፣ ዞሮ እስኪመለስ ጨርሰውታል።

ሰባት ሜትር፦ ደግሞ ዋንጫ ቆጠራው! እነ ሪቻርድሰን በ1995ቱ ፍጻሜ ሬይካቪክ ላይ ክሮኤሺያን 23 ለ 19 እስኪያሸንፉ ፈረንሳይ በእጅ ኳስ የዓለም ዋንጫ ነክታ አታውቅም። ካራባቲች የገባው የተከፈተ በር ነው። ሪቻርድሰንን በአቴንስ 2004 ኦሎምፒክ የአገሩን ባንዲራ ያስያዙትስ ለፀጉሩ ነው በለኛ።

ኪየሌ፦ ባንዲራ የሚያሳየው መወደዱን ነው፣ የተከራከርነው ለምን እንደተወደደ ነው። የኔኑ ነገር አጸደቅክልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የበረኛ ወዳጅ፦ ዋንጫ ከተቆጠረ የፈረንሳይን በረኛ ኦሜዬርን የት ጣላችሁት? አምስት የዓለም ዋንጫ! በረኛ መቼም ወዳጅ የለውም።

ሰባት ሜትር፦ ኦሜዬር ሌላ ርዕስ ይክፈትለት።

የበረኛ ወዳጅ፦ ይኸው፣ አላልኩም?

ዘጠኝ ሜትር፦ ኪየሌ፣ የካራባቲችን የመጨረሻ ጨዋታ አስታውስ። ሊል፣ የ2024 ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ፣ ከጀርመን ጋር። ፈረንሳይ በአንድ ጎል ትመራለች፣ ስድስት ሴኮንድ ቀርቷል፣ ኳሷም በእጇ ናት። ጀርመን ቅብብሉን ቆርጣ 29 ለ 29 አደረገችው፣ በጭማሪው 35 ለ 34 ወሰደችው። የተቆረጠው ያው የነገርኩህ ዓይነት ኳስ ነው። ያን ችሎታ ነው ፀጉር የምትለው።

ኪየሌ፦ እሺ፣ ያችን ኳስ የቆረጠው ልጅ ማን ይባላል? አየህ፣ ድሬድ ስለሌለው ጠፋህ።

ዘጠኝ ሜትር፦ ዩሊያን ኮስተር። ኮስተር ብለህ አንብበው።

ኪየሌ፦ ጎግል አድርገህ ነው።