ሐኪም ነኝ፤ ለክልል ምክር ቤት ተወዳደር ተብያለሁ። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

የሐይቁ ሐኪም፦

ሰላም ወገኖቼ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ያደግሁት እዚሁ ተሁለደሬ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ባለፈው ወር የሰፈራችን ቅሬ (እድራችን) ተሰብስቦ ነበር። የድንኳኑና የመዋጮው ነገር ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሸሁም ቄሱም አሉ። "በመጪው ምርጫ ለክልል ምክር ቤት በግል ተወዳደርልን" አሉኝ። የያዝኩትን ሲኒ አስቀመጥኩ። የየትኛውም ፓርቲ አባል ሆኜ አላውቅም። ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ለምን ወዲያው እምቢ እንዳላልኩ ልንገራችሁ።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ አለ፤ ስኳር አለበት። በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ቤታቸው መብራት ስለሌለ እናቱ መድኃኒቱን የምታስቀምጠው እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነው። እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ናት። የጤና መድን መዋጮዋን አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም። አንድ ሰሞን ግን ኢንሱሊን ከሆስፒታላችን ጠፋ። ማዘዣ ጻፍኩላት፤ መድኃኒት ቤቱ "የለም" ብሎ መለሳት። ከግል ፋርማሲ ለመግዛት በግ ሸጠች። የበጉ ገንዘብ ሲያልቅ መጠኑን እየቀነሰች መስጠት ጀመረች። አልፈርድባትም። ልጁ በሰው ትከሻ መጣ። ራሱን አያውቅም፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው። ከሌላ ሆስፒታል ሁለት ብልቃጥ በአምቡላንስ አስመጣን። ሌሊቱን አልጋው አጠገብ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል "እማ" አለ።

እናቱ እጄን ይዛ "ዶክተር፣ አንተ ታድነዋለህ፤ እኔ ደግሞ መልሼ አመጣዋለሁ" አለችኝ። እያማረረች አልነበረም። የሚሆነውን ነው የነገረችኝ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ መልሳ አመጣችው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ናት። አባቴ ከመጀመሪያዎቹ ከፋዮች ነበር። ደብተሩን ከመሬት ግብር ደረሰኙ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር። "ከእንግዲህ ታምሜ በሬ አልሸጥም" ይል ነበር። ይህ ቃሉ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። ገበሬው የድርሻውን ከፍሏል። የጎደለው ከላይ ነው፤ በጀቱ፣ ግዥው፣ ቁጥጥሩ። እኔ ደግሞ ተረኛ ክፍል ቁጭ ብዬ የዚያን ጉድለት ውጤት አክማለሁ።

የሚያስፈራኝም ብዙ ነው። የውስጥ ደዌ ክፍሉን የያዝነው ሁለት ሆነን ነው። አንዳችን ስንጎድል ሌላው ላይ ይወድቃል። ሌላው ደግሞ በሽተኛው ነው። እስከ ዛሬ ማንም ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ይኼ የማን ወገን ነው ብሎ አያስብም። ይህን ማጣት አልፈልግም። ባለቤቴም ደስ አላላትም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው የቅሬ ጸሐፊ፦

አብሽር ልጄ። ወረዳ ፋይናንስ 27 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ የክልል ምክር ቤት አባል መሆን ሆስፒታሉን ጥሎ መሄድ አይደለም። ምክር ቤቱ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። አባሉ አብዛኛውን ጊዜ በመደበኛ ሥራው ላይ ነው። 

ሁለተኛ፣ ያ የጎደለ ኢንሱሊን መንገዱ የት እንደሆነ እወቅ። የሆስፒታልህ በጀት ከክልል ነው የሚመጣው። የጤና ጣቢያው በጀት ከወረዳ ነው። ወረዳው ደግሞ ገንዘቡን በድጎማ የሚያገኘው ከዚያው ከክልል ነው። እኔ ስሠራ ያ ድጎማ ሲመጣ ደመወዝ ይቀድማል። ከደመወዝ የተረፈው ነው ለመድኃኒትም፣ ለአምቡላንስ ነዳጅም፣ ለወረቀትም የሚደርሰው። መክፈል የማይችለውን ድሃ መዋጮ የሚሸፍኑትም ክልሉና ወረዳው ናቸው። ይህ ሁሉ ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲገባ ቁጥር ሆኖ ምክር ቤት ፊት ይቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይኸው ምክር ቤት ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው እጅ ብዙ ጊዜ ገንቦ ውስጥ ስላለ ኢንሱሊን የሰማ ሰው እጅ አይደለም። አንተ ብትነሳና "ይህች መስመር ስትቀነስ ይህ ይሆናል" ብትል፣ ከእኔ የሒሳብ ሪፖርት ይልቅ ያንተን ይሰማሉ።

ሐኪም አገር ሲያገለግል አዲስ ነገርም አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስታውስ። በ1860 መቅደላ ላይ፣ እዚሁ ወሎ፣ እንግሊዞች በሕፃንነቱ አግኝተው ሕንድ ወሰዱት። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ። ኋላም በሐረርጌ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነ፤ ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የአገራችን መልእክተኛ ነበር።

እኔ የምፈራው መመረጥህን ሳይሆን መሾምህን ነው። ሐኪም ምክር ቤት ሲገባ ሹመት ይከተለዋል፤ ያኔ ነው ከበሽተኛ የምትለየው። ከአሁኑ ለሽማግሌዎቹ "ሹመት አልቀበልም" በላቸውና በሰው ፊት ቃል ግባ።

ነርስ ከደሴ፦

ዶክተር፣ እኔ አትግባበት ባይ ነኝ። ጋሼ የጻፉትን አንብቤ እንኳን አልተለወጥኩም።

በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ሆስፒታላችን ተዘረፈ። ስንመለስ የላቦራቶሪው ማሽን የለም። የማዋለጃ አልጋው ተነቅሏል። ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ የሰው ታሪክ ተበትኗል። ካርዶቹን ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ ለቅመናል። ያኔ ሥራ ያስጀመረን የተመለሰ ሐኪም ነው። ሁለት ሐኪም ሲመጣ ሰው "ሆስፒታሉ ተከፈተ" ብሎ መምጣት ጀመረ፤ ገና መድኃኒት እንኳን ሳይኖረን። ስለዚህ አንድ ሐኪም ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ።

ባሕር ዳር ቅርብ አይደለም። በወልድያ ዞሮ ሙሉ ቀን ነው፤ መንገዱንም ታውቀዋለህ። ያ ልጅ አንተ ስብሰባ ላይ እያለህ ሌሊት ቢመጣስ?

ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስንም አስብ። ስንቱን ሐኪም ያስተማሩ የቀዶ ሕክምና ሰው ነበሩ። በ1984 የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) መሠረቱ፣ ታሰሩ፣ በእስር ታመሙ፣ በ1991 ባሕር ማዶ አረፉ። ባለቤትህ ደስ ያላላት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስማት።

ፋጤ የወረባቦ፦

እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያወረዱኝ። አምቡላንሱ ነበር፤ ነዳጅ አልነበረውም። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ነዳጅ ገዝቶ እስኪመጣ አልጠበቅንም። ልጄ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ቀን የተሸከሙኝን ስምንት ወንዶች ስማቸውን አልረሳም። ዶክተር፣ ከገባህ ስለ ነዳጁ ተናገርልን። ካልገባህም አንወቅስህም፤ እዚያ መኖርህም ለእኛ ነው።

የሕግ መምህሩ፦

ዶክተር፣ በእኔ እምነት መወዳደር ይገባዎታል። በግል መወዳደርም ይቻላል። ግን ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ላንሳ።

ካርድ ይዞ ፊትዎ የተቀመጠ ሰው እምቢ ሊልዎት አይችልም። "ድምፅህን ስጠኝ" ቢሉት "እሺ" ይላል፤ ልጁን ስለሚያክሙለት። "ፈርምልኝ" ቢሉት ይፈርማል። ያ ድጋፍ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እርስዎ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወንበሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አይውጣዎት። ጋዋን ለብሰው ፖስተር ላይ አይነሱ። የድጋፍ ፊርማ የሚሰበስቡልዎት ሰዎች የተመላላሽ ክፍል ሰልፍ አጠገብ አይቁሙ። ገበያ አለ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጅ አለ፣ ቅሬው አለ። የልጁን ታሪክም ስም ባይጠሩም በቅስቀሳ መድረክ አይንገሩት። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። ገንቦ ሲሉ ሁሉም ያውቃታል። እዚህ የጻፉትንም ቢያሳጥሩት ጥሩ ነው።

በሽተኛው "ይኼ የማን ወገን ነው" ብሎ እንዳያስብ ፈራሁ ላሉት፣ ከዚያ የሚከላከልልዎት ይኸው ጥንቃቄ ነው። ሰውም እንደቀድሞው ሲያክሙት ያየዎታል።

የሐይቁ ሐኪም፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሕግ መምህሩ፣ ልክ ነዎት። እናትየው እዚህ እንደማታነብ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። ታሪኩን ስጽፍ እሷን አላስፈቀድኩም። እንዲያሳጥሩልኝ አስተዳዳሪዎቹን ጠይቄያለሁ።

ነርሷ እህቴ፣ ያልሽው ሌሊቱን ሙሉ ሲዞርብኝ አደረ። ትናንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀመጥኩ። በስብሰባ ቀናት ተረኝነቴን እሱ ሊይዝልኝ፣ እኔ ደግሞ በዓላቱን ሁሉ ልይዝለት ተስማማን። እንቁጣጣሽንም፣ ገናንም፣ ፋሲካንም። እሱ ሙስሊም ስለሆነ ለኢድና ለመውሊድ ቀድሞም እኔ ነኝ የምገባው፤ አሁን ግን የራሴም በዓል ተጨመረ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "ሹመት አልቀበልም የሚለውን በጽሑፍ አድርገው" አለችኝ። ጽፌ ሰጠኋት።

ለቅሬው እሁድ መልስ እሰጣለሁ። እሺ ልላቸው ነው።

ማክሰኞ የስኳር ክትትል ቀን ነው። ልጁና እናቱ ይመጣሉ። ስለ ምርጫው ከእኔ አትሰማም።