በጾም ወራት የሚብሰኝን ቃርና የሆድ ድርቀት በምን ልማድ ላስተካክለው?

ዓባይ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምሠራ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ ሽሮ በጥድፊያ እበላለሁ፤ ማታ ደግሞ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ በርበሬ የበዛበት የምስር ወጥ በልቼ ወዲያው እተኛለሁ። ሌሊት ቃር ደረቴን ያቃጥለኛል፤ ሦስትና አራት ቀንም ሳልጸዳዳ እቆያለሁ። ባልደረቦቼ ነጭ ሽንኩርት በማር ያዙልኛል፣ እናቴ ደግሞ ተልባ ትላለች። ጾሜን ሳልተው ምን ላድርግ?

ነርሷ፦
ከምግቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ የእራትዎ ሰዓት ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ ያለው ጡንቻ በደንብ ካልተዘጋ፣ ጨጓራ ሞልቶ ሲተኙ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ በእራትና በእንቅልፍ መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ስለሚያስጨንቅ፣ የአልጋውን የራስጌ እግሮች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በጡብ ከፍ ማድረጉ ይሻላል። ለራስ ምታት ብለው በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚውጡ ከሆነም ያቁሙ፤ ጨጓራ ያቆስላል። ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ቃር ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ያባብሳል እንጂ አይጠቅምም።

የዘጌ እናት፦
ልጄ፣ እናትህ ልክ ናት፤ ነገር ግን ተልባው ካልተፈጨ እንደገባ ይወጣል። እኔ ለስለስ አድርጌ ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፣ ከዚያም ውኃው እስኪወፍር ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። ተልባ ውኃ ካላገኘ ድርቀቱን ስለሚያብስ፣ ጾም ከፈታህ በኋላ እስክትተኛ ድረስ ውኃ ደጋግመህ ጠጣ። እንጀራህንም ተመልከት፤ የፎገራ ሩዝ ከበዛበት፣ ነጩ ሩዝ እንደ ጤፍ አንጀትን የሚያንቀሳቅስ አሰር የለውም። ጎመንና ሽምብራ ጨምር።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ተቀምጦ መዋሉም አንጀትን ያሰንፋል፤ ከሥራ ሲወጡ በሐይቁ ዳር 30 ደቂቃ ቢራመዱ መልካም ነው። በባዶ እግር ወደ ውኃው መግባት ግን አይልመዱ፤ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው የብልሃርዝያ ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል ይገባልና። ሰገራዎ ከጠቆረ፣ ሲውጡ ከያዘዎት ወይም ሳያስቡት ከከሱ ከልማድ ማስተካከል በፊት ሐኪም ይይዎት፤ የጨጓራ ባክቴሪያም በምርመራ እንጂ በግምት አይታከምም።

ዓባይ ማዶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እራቴን ወደ 1 ሰዓት ካመጣሁት ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ ቃሩ ቀንሷል፣ ድርቀቱ ግን ገና ነው። ጡቡ ከሲሚንቶው ወለል ላይ እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል።

ነርሷ፦
ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያንጥፉለት። ለድርቀቱ ተልባውን ሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ ለውጥ ከሌለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።