ጥቆማ፦ ሬዞኔተር ጊታሬ መድረክ ላይ ያፏጫል፤ ድሬ ውስጥ ከማን ምን ልግዛ?

ጊታሩ ያስቸገረው
ሰላም የድሬ ልጆች። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ሬዞኔተር ጊታር ይዛልኝ መጣች። ለማታውቁት፣ ሆዱ ላይ የብረት ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ስር ስስ የአሉሚኒየም ኮን ተቀምጧል። ቤት ውስጥ ስጫወተው ልብ ይሰርቃል። ችግሩ መድረክ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ሆቴል ግቢ ውስጥ ከባንድ ጋር እሠራለሁ። ድራሙ ከኋላዬ፣ ሞኒተሩ (ራሳችንን የምንሰማበት ስፒከር) እግሬ ስር። ሳውንድማኑ የኔን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ ዊይይይ! እንግዳው ሹካውን ይዞ ያየኛል። አሁን የምጠቀመው የሚለጠፍ ፒዬዞ ነው፤ ንዝረቱን ለቅሞ ወደ ስፒከር የሚልክ ፒክአፕ ማለት ነው። ፒክአፕ ልቀይር ወይስ ማይክ ልግዛ? ከታይዋን ገበያና ከአሸዋ ገበያ የቱ ይሻላል? ብሩ ብዙ አይደለም።

ነምበር ዋን ሰፈር
ታይዋን። አለቀ።

ጊታሩ ያስቸገረው
ታይዋን የቱ ሱቅ? ምኑን?

ነምበር ዋን ሰፈር
ወደ ውስጥ ስትገባ በር ላይ ስፒከር የሚደረድረው። አባቴ ቴፑን፣ እኔ ቲቪ፣ ወንድሜ ዲሽ ከዚያ ነው የገዛነው። አንድም ቀን አላሳፈሩንም ወላሂ።

ሳቢያን
አቦ ዲሽና ጊታር ምን አገናኘው!

ገንደ ቆሬ
ይሄን ጊታር እኮ ጆን ዶፒዬራ የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የሠራው ያለ ኤሌክትሪክ ከባንዱ ጥሩምባ መሃል እንዲሰማ ብሎ ነው። ጮክ እንዲል ተፈጥሮ አሁን ጮኸብኝ ትላለህ። ፒክአፑን ንቀልና ለድራመሩ ትራስ ግዛለት።

ደቻቱ ማዶ
ለክራር ከሆነ አዲስ አበባ ጃክ ያለው ተሠርቶ ይሸጣል። የአጎቴ ልጅ አለው፣ ምንም አያፏጭም።

ጊታሩ ያስቸገረው
ክራር አይደለም ወንድሜ። ጊታር ነው።

ደቻቱ ማዶ
ገብቶኛል። ክራር ይሻልሃል እያልኩህ ነው።

የመጋላው
ብቻ ለማንም ጠጋኝ አትስጥ። የአባቴን ዑድ ፒክአፕ እንዲያስገባልኝ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። «በሰዓት ውስጥ ይደርሳል» አለኝ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ፊቱን በድሪል በስቶታል! ጎኑን አይደለም፣ ፊቱን፤ ጽጌረዳው (የድምፅ ቀዳዳው) አጠገብ። ስሱ እንጨት እስከ ድልድዩ ተሰንጥቋል። ጃኩን በሙጫ አጣብቆበት «አሁን ዘመናዊ ሆነ» አለኝ። ብሩንም ተቀበለኝ።

ሳቢያን
ያ ረቢ! ፊቱን?

አዲስ ከተማ
የቱ ሱቅ ነው? በውስጥ ላክልኝ። እኔም ኪቦርድ ሰጥቼ ቁልፎቹ ተቀያይረው የመጡልኝ አለ።

ነምበር ዋን ሰፈር
ታይዋን ነው እንዳትለኝ ብቻ።

የመጋላው
ስም አልጠራም አልኩ እኮ።

ነምበር ዋን ሰፈር
እንግዲያው አይደለም። የታይዋኑ ልጅ ድሪል የለውም።

ገንደ ቆሬ
ይህ ነው ማስረጃ!

አዲስ ከተማ
አሊ ቢራን ያፈራች ከተማ ዑድ የሚነካ ሰው ትጣ? ያሳፍራል።

የከዚራ ልጅ
ጠያቂው፣ ወዳንተ ልመለስ። ሰርግ ላይ ሚክሰር ነው የምይዘው። ያ ኮን ድምፅ ብቻ አያወጣም፤ ድምፅ ሲመታውም ይንቀጠቀጣል። ሞኒተሩ ኮኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ ፒዬዞው ያንን ለቅሞ መልሶ ለሞኒተሩ ይሰጠዋል። ፉጨቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ውዱን ፒዬዞ ብትገዛም እዚያው እስከለጠፍከው ድረስ ያው ነው። በዚያ ላይ ፒዬዞውን ያለ ፕሪአምፕ (ደካማውን ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰካኸው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሳውንድማኑ ጌይን ይጨምራል፣ ፉጨቱም ይብሳል።

ለጩኸታም መድረክ ማግኔቲክ ፒክአፕ ይሻልሃል። ከአንገቱ መጨረሻ፣ ከክሮቹ ስር የሚገባ ስስ ዓይነት አለ። የሚያነበው የብረቱን ክር እንጂ ኮኑን አይደለም። ጉዳቱ፣ የኮኑ ለዛ ይቀንስና ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጠጋል። ክሮችህ ብሮንዝ ከሆኑ ደግሞ ወፍራሞቹ ይደክሙብሃል፤ ኒኬል አድርግ።

ለዛውን ለመመለስ ማይክ ጨምርበት። ማግኔቲኩ ለሞኒተር ይሂድ፣ ማይኩ ለሕዝቡ ስፒከር ብቻ። ማይኩ ሞኒተር ውስጥ ድርሽ አይበል! ሹር ኤስኤም57 ዓይነት ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ ማይክ) ከሆነ የማይሰማው በጀርባው በኩል ነው፤ ሞኒተሩን ልክ እዚያ አድርገው። ሱፐርካርዲዮይድ ከሆነ ጀርባውም ትንሽ ይሰማል፤ ሞኒተሩን ከጀርባው ወደ ጎን ሸሸት አድርገው። ማይኩን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንስ 6 ዴሲቤል ያህል ታተርፋለህ፣ ያውም በነጻ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጥልህ። የሚያፏጨውን ፍሪኩዌንሲም ፈልጎ እሱን ብቻ በጠባቡ ይቀንሰው፤ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) በሙሉ ከገደለው ግን ጊታርህ የለም።

ሳቢያን
ወንድሜ ተባረክ፣ እኔም ተማርኩ።

የከዚራ ልጅ
እህትህ ነኝ። አሜን።

ጊታሩ ያስቸገረው
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ጥያቄ፣ ከክሩ እስከ እንጨቱ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ይገባል? መቆፈር አለበት እንዴ?

የከዚራ ልጅ
እንዳትቆፍር። ከመግዛትህ በፊት በማስመሪያ ለካ። መጨረሻው ፍሬት (የአንገቱ የብረት መስመር) ላይ ክሩን ተጭነህ ነው የምትለካው፤ አለበለዚያ ክሩ ፒክአፑን ይነካዋል። ስስ ከሆነ በባለሁለት ገጽ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ሽቦውም በክዳኑ ጠርዝ ይወጣል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ባለ አንድ ኮይሉ ማግኔቲክ እምም እያለ ሊያስቸግርህ ይችላል፤ ባለ ሁለት ኮይሉን ሃምበከር ካገኘህ እሱን ያዝ።

ነምበር ዋን ሰፈር
ታይዋን ያለውን ልጅ ጠየቅኩልህ። ማግኔት አለኝ ብሏል።

ገንደ ቆሬ
የፍሪጅ በር ነው የስፒከር?

ነምበር ዋን ሰፈር
ሂድና ራስህ እየው። ሻይም ይጋብዝሃል።

አሸዋ አካባቢ
አሸዋ ያገለገለ ማይክ አይቻለሁ። ግን ስሙ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ ከሆነ ጠርጥሩ፤ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ነው። እጅህ ላይ ቀለል ካለህ ተወው። ሳትሰካና ሳትሞክር ብር አታውጣ።

ደቻቱ ማዶ
የአጎቴ ልጅ ክራሩን ሊሸጥ ነው፣ የሚፈልግ ካለ።

ሳቢያን
አያፏጭም አላልክም? ለምን ይሸጠዋል?

ደቻቱ ማዶ
ሊያገባ ነው አቦ።

አዲስ ከተማ
የመጋላው፣ ዑዱን ምን አደረግከው?

የመጋላው
ግድግዳ ላይ ነው። ጃኩ እስካሁን አለበት።

የከዚራ ልጅ
የስንጥቁን ፎቶ በውስጥ ላክልኝ። ሐረር የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፤ የአጎቴን ዑድ ከውስጥ ስስ እንጨት ደግፈው አስተካክለውታል። ክሮቹን ግን አሁኑኑ አላላ፤ ተወጥረው ከቆዩ ስንጥቁ ይረዝማል። ጃኩንም አትንቀለው፣ እሳቸው አይተውት ይንቀሉት።

የመጋላው
ማክሰኞ ለሥራ ሐረር እወጣለሁ። ይዤው ልሂድ?

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ ይኖራሉ። ከሰዓት በፊት ድረስባቸው፣ ከምሳ በኋላ ጫት ላይ ናቸው።