አርተር ሚልተን፦ አንድ ሰው በክሪኬትም በእግር ኳስም እንዴት ተቀጣሪ ሊሆን ቻለ?

ጥያቄ፦ መምህር ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ስለ ቀድሞ የአርሰናል ተጫዋቾች ሳነብ፣ አርተር ሚልተን ለአርሰናል በመስመር አጥቂነት እየተጫወተ፣ ለግሎስተርሻየር ካውንቲ (የእንግሊዝ ክፍለ አገር) ደግሞ በክሪኬት፣ ማለትም ኳስን በጠፍጣፋ ዱላ በመምታት በሚካሄደው ጨዋታ፣ ይሰለፍ እንደነበር ተረዳሁ። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት አጣጣማቸው? የዛሬ ተጫዋቾችስ ለምን ይህን አያደርጉም? ጥያቄው ለሥራዬም ይጠቅመኛል፤ እግር ኳስንና መረብ ኳስን እኩል የሚወድ ጎበዝ ተማሪ አለኝ፣ ባልደረቦቼም አንዱን ቶሎ እንዲመርጥ እየገፋፉት ነው።

መልስ፦ የሂርማታ ልጅ

መምህር፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የውድድሮቹ ወቅት ነው። ክሪኬት ደረቅ ሜዳና ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ ዝናብ ከጣለ ጨዋታው ይቋረጣል። ስለዚህ የካውንቲ ውድድር የሚካሄደው፣ እኛ ጅማ ላይ ሜዳው ሁሉ ጭቃ በሚሆንበት፣ እነርሱ ግን በጋቸውን በሚያሳልፉበት ወቅት ነው። የእግር ኳሱ ሊግ በዚያ ዘመን በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ጀምሮ በሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ ይጠናቀቅ ስለነበር፣ ሁለቱ የሚጋጩት በመነሻቸውና በመጨረሻቸው ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ተጫዋቾች እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ የደመወዝ ጣሪያ ተጥሎባቸው ነበር፤ ጣሪያው ሲነሣ እንኳ በሳምንት 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። ቡናውን ለቅሞ ሲጨርስ ወደ በቆሎ ማሳው እንደሚዞር የማና ገበሬ፣ ተጫዋቹም በበጋው ሌላ ገቢ መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ጣሪያው ከተነሣና የእግር ኳሱ ወቅት ከረዘመ በኋላ ግን ለክሪኬት የሚተርፍ ጊዜም፣ የሚያስገድድ ችግርም አልቀረም።

መልስ፦ የድሮ ስፖርት ወዳጅ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ በሚልተን ሕይወት ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1928 ብሪስቶል ውስጥ ተወልዶ፣ በ1948 ለግሎስተርሻየር መሰለፍ ጀመረ። በኅዳር 1951፣ በአርሰናል ዋና ቡድን ገና ጥቂት ጨዋታ እንዳደረገ፣ በዌምብሌይ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ከኦስትሪያ ጋር 2 ለ 2 ተለያየ፤ ከዚያ በኋላ በእግር ኳስ አልተጠራም። አርሰናል በ1952–53 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የቡድኑ አባል ነበር። በ1955 ወደ ብሪስቶል ሲቲ ተዛውሮ ክለቡ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን እንዲያድግ ካገዘ በኋላ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ እግር ኳስን አቆመ። ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ገና ብዙ ዓመት የቆየው በክሪኬት ነው። በ1958 በሊድስ ከተማ ከኒውዚላንድ ጋር በክሪኬት ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ፣ ተጋጣሚዎቹ ከጨዋታ ሳያስወጡት 104 ረን (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረ። እስከ 1974 ድረስ በተጫወታቸው የአንደኛ ደረጃ ግጥሚያዎች ከ32 ሺህ በላይ ረን ሲሰበስብ፣ 56 ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል፤ በእጁ የያዛቸው ኳሶችም ከ750 ይበልጣሉ። በወንዶች በሁለቱም ስፖርት ለእንግሊዝ ዋና ቡድን የተሰለፈ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። ጡረታ ሲወጣ በብሪስቶል ፖስታ አዳይ ሆኖ መሥራቱ፣ የዚያን ጊዜ ክፍያ ምን ያህል እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

መልስ፦ ከጅረን

ወንድሞቼ፣ የወቅቱን ጉዳይ ብቻ ካየን ሰውነት የሚከፍለውን ዋጋ እንረሳለን። የሚድልሴክስ ካውንቲው ዴኒስ ኮምፕተን በ1947 በአንድ የክሪኬት ወቅት 3,816 ረን አስቆጥሮ፣ በ1950 ደግሞ ከአርሰናል ጋር የኤፍኤ ዋንጫን አንሥቷል። ነገር ግን እግር ኳስ ሲጫወት ከግብ ጠባቂ ጋር ተጋጭቶ የተጎዳው ጉልበቱ እየባሰበት ሄዶ፣ በ1955 የጉልበቱ ሎሚ በቀዶ ሕክምና ወጣ። መደራረቡም ቀላል አልነበረም፤ ክሪስ ባልደርስቶን በመስከረም 1975 ቀኑን ለሌስተርሻየር ክሪኬት ተጫውቶ 51 ረን ላይ ሳለ ጨዋታው ለዕለቱ ሲያበቃ፣ በመኪና ተጉዞ ማታውን ለዶንካስተር ሮቨርስ እግር ኳስ ተጫወተ፤ በማግስቱ ተመልሶ መቶውን አለፈ። ታሪኩን አደንቃለሁ፤ ለታዳጊ ግን በምሳሌነት አላቀርበውም። እግር ኳስና መረብ ኳስ ሁለቱም የሚጫኑት ጉልበትን ነው፤ በአገራችን ደግሞ የትምህርት ቤቶች ውድድር በአንድ ወቅት ሊገጥም ይችላል።

ምላሽ፦ መምህር ከጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሚልተን እንኳ በሃያዎቹ ዕድሜው እስኪወስን ድረስ ሁለቱን ካስኬደ፣ ተማሪዬን ዛሬ ማስመረጡ ችኮላ መስሎ ታይቶኛል። የሁለቱን ስፖርት ልምምድ በተለያዩ ቀናት መድቤ፣ ውድድር በሚጋጭበት ሳምንት በአንዱ ብቻ እንዲሰለፍ ከመረብ ኳስ አሰልጣኙ ጋር ለመነጋገር አስቤአለሁ። ከጅረን የጻፉልኝ ወንድሜ፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሁለቱ ልምምዶች መካከል ምን ያህል የዕረፍት ጊዜ ይመክሩኛል?