ሞተሩ ባሕር መሃል ጠፋብን፣ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስ!

ጠያቂ፦ ሰላም። በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ ላይ ነን፣ ሁላችንም ጀማሪዎች ነን። ሌሊቱን ማዕበል ሲያንገላታን አደረ። ጠዋት ባትሪ ለመሙላት ሞተሩን ስናስነሳው ከፍ ዝቅ እያለ ትንሽ ሠራና ጠፋ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ደህና ያዞረዋል፣ ግን አይነሳም። ደጋግመን ሞከርን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ውሃ እንኳ አልረጋለትም። ወደ ተነሳንበት ወደብ ልንመለስ ነው። ምን ይሻላል?

ነፋሴ፦ የናፍጣ መስመሩ አየር ይዟል። አየሩን አውጡት።

መልሕቅ፦ ይህ የሚመጣው ከዝግጅት ጉድለት ነው። ጎዶሎ ታንክ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ውሃው ከናፍጣው ሥር ይጠራቀማል፣ በሁለቱ መካከል ተሕዋስያን ይራባሉ። ጀልባው ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ዝቃጩ ተኝቶ ይቆያል። ማዕበል ሲንጠው ተነሥቶ ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ይደፍናል። ረጅም ጉዞ የሚወጣ ሰው ታንኩን አስጠርጎ፣ ሞልቶ፣ በቂ ትርፍ ፊልትሮ ይዞ ነው የሚነሣው።

ናፍጣው፦ መጀመሪያ ሞተሪኖውን መምታት አቁሙ! ሞተሩ ሳይነሳ በዞረ ቁጥር የማቀዝቀዣ ውሃ ፖምፓው ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ውስጥ የባሕር ውሃ ይሞላል። የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ተመልሶ ሲሊንደር ይገባል። የባሕር ውሃ መግቢያውን ዝጉ፣ ማርሚታው ሥር ያለውን ታፖ (መድፈኛ) ፈትታችሁ አፍስሱ።

ከዚያ ከታንኩ ቀጥሎ ያለውን ፊልትሮ እዩ። ብርጭቆው ሥር ውሃ ወይም ጥቁር ነገር ካለ እስኪጠራ አፍስሱ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ንጹሕ ናፍጣ ሞልታችሁ ግጠሙ። የጎማ ቀለበቱን ናፍጣ ቀቡት፤ ከተጣጠፈ አየር ይስብና ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ባለው ፊልትሮ አናት ያለችውን የአየር ማስወጫ ቪት (ብሎን) አንድ ዙር አላሉና የነዳጅ ፖምፓውን ማንሻ በእጅ ምቱ። አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ፣ እየፈሰሰ ሳለ አጥብቁ። ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ (ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) የሚልከው የኢንጀክሽን ፖምፓ ላይም እንዲሁ። አሁንም ካልተነሳ የኢንጀክተር ቱቦዎቹን ዳዶ ግማሽ ዙር አላሉ፣ ነዳጅ ሙሉ ሰጥታችሁ ከ10 ሴኮንድ ላልበለጠ አዙሩ፣ ናፍጣ ሲተፋ አጥብቁ። እጅ አታስጠጉ፣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ከሆነ ግን ኢንጀክተሩን አትንኩ።

እንደተነሳ የባሕር ውሃውን ወዲያው ክፈቱ፤ የውሃ ፖምፓው ደረቁን ከዞረ ውስጡ ያለው ጎማ ይቀደዳል።

ነፋሴ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ አየር ነው።

ሸራዬ፦ እኔ በ«እንመለሳለን» አልስማማም። የሸራ ጀልባ ናችሁ! እስካሁን ነፋሱን ከኋላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መመለስ ማለት ማዕበሉን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው፣ ለታመመው ሰው ደግሞ ይብስበታል። ሞተር ያጣ ጀልባ የሚጨንቀው ወደብ ሲገባ ነው። አሁን የሚያስፈልጋችሁ መብራት መቆጠብ ነው፦ ፍሪጁን ዝጉ፣ አውቶፓይለቱን አጥፍታችሁ መሪውን በየ2 ሰዓቱ ተፈራረቁ። የማስነሻውን ባትሪ ከሌላው ለዩት። የሌሊት መብራትና ሬዲዮ ግን አይጥፉ። ጉዞ ሲጀመር ሁለት ሦስት ቀን ብዙ ሰው ይከፋዋል። ከዚያ እንቅልፉም ምግቡም ይስተካከላል፣ የሌሊት ተራ የሚናፈቅ ይሆናል፤ በጨለማ ሸራው ሲርገበገብ ሰምታችሁ ብቻ ነፋሱ መዞሩን ታውቃላችሁ። ያን ሳታዩ አትመለሱ።

ጤና አዳም፦ ስለ ሞተሩ ብዙ ተባለ፣ ሰውየውስ? 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይቆለል። በየጥቂት ደቂቃው አንድ ሁለት ማንኪያ ስጡት፣ በብርጭቆ አይጨልጥ። ጀልባው መሃል ዝቅ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛ። ለማስመለስ ወደ ጠርዝ አይሂድ፣ ባልዲ አቅርቡለት፤ ሰው ባሕር የሚወድቀው እንዲህ ጊዜ ነው። ለረጅም ሰዓት ካልሸና ወይም ንግግሩ ከተምታታ በሬዲዮ ወይም በሳተላይት ስልክ ሐኪም ጠይቁ፤ ያኔ ጉዳዩ የሞተር አይደለም።

ጠያቂ፦ ብርጭቆው ውስጥ ጥቁር አተላ አለ። ትርፍ ፊልትሮ አንድ ብቻ ነው ያለን። የነዳጅ ፖምፓው ማንሻ ደግሞ ምንም አይገፋም፣ ተበላሽቷል መሰለኝ።

ናፍጣው፦ አልተበላሸም። ካሙ (ፖምፓውን የሚገፋው የሞተሩ ዘንግ እብጠት) ማንሻውን ገፍቶ ይዞት ነው፤ ሞተሩን በቁልፍ ከፊት ባለው ፑሊ አንድ ዙር አዙሩትና እንደገና ሞክሩ። አንድ ፊልትሮ ብቻ ካላችሁ በዚያ ታንክ ናፍጣ አታባክኑት። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ካላችሁ የመሳቢያውንም የመመለሻውንም ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ክተቱ፣ ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። መመለሻውን ከረሳችሁት ጀሪካኑ ቶሎ ያልቃል፣ ናፍጣው ወደ ቆሻሻው ታንክ ይሄዳል።

መልሕቅ፦ የናፍጣ ክዳን ጎሚኒውንም (የጎማ ማሸጊያውን) እዩ፣ የባሕር ውሃ በዚያም ይገባል።

ጤና አዳም፦ ሰውየው ሸና? እሱን ብቻ እንኳ ጻፉልን።